የታጠበው ኩባያ

አቶ እምሩ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ኦክላንድ ልጃቸው ትርፌ ዘንድ ሲገቡ ይዘውት የመጡት ዕቃ ብዙ አልነበረም። ሁለት ሻንጣ ልብስ፣ ጥቂት መጻሕፍትና የዓሣ ገንዳቸው። ገንዳው ትንሽ ናት፤ ሳሎን ጥግ፣ ፀሐይ የማያገኛት ቦታ ተፈልጎላት ተቀመጠች። ውሃው ግን የቧንቧ ውሃ አይደለም። አቶ እምሩ ራሳቸው ጨው በጥብጠው የሚያዘጋጁት የባሕር ውሃ ነው። ውስጡ ቀን ቀን እንደ አበባ የሚፈኩ፣ ኮራል የሚባሉ የባሕር ፍጥረታት፣ አንዲት ቀይ ሽሪምፕ፣ ነጭ ቀበቶ የታጠቁ የሚመስሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች አሉ።

አቶ እምሩ በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ካሊፎርኒያ መጥተው፣ ተመልሰው አገራቸውን በውሃ መሐንዲስነት ያገለገሉ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ ሚስትና ሁለት ልጆች ይዘው ዳግም የተሰደዱ ሰው ናቸው። እዚህም ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ነበር። ስለዚህ ከዓሦቹ ይልቅ ልባቸውን የሚወስደው ከገንዳው ኋላ የተንጠለጠለው ስኪመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስኪመሩ አየርን ከውሃው ጋር እየመታ ደቃቅ አረፋ ይሠራል። ዓይን የማያየው ቆሻሻ አረፋው ላይ ተጣብቆ በአንገቱ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ያለው ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ፈሳሽ ጥቁር ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"መሥሪያ ቤቴን ይዤው መጣሁ" ይሉ ነበር አቶ እምሩ፣ በጎኑ ያለችውን ማዞሪያ በሁለት ጣታቸው ይዘው አረፋው የት ድረስ እንደሚወጣ እያዩ።

ትርፌ ሆስፒታል ራጅ ታነሳለች። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች። አባቷን ትወዳቸዋለች፤ ያንን ሽታ ግን አትወደውም። እሷ አባቷን ስታኖር ወንድሟ ኤርምያስ ሳን ሆዜ ሰፊ ቤት ውስጥ ሆኖ በየሳምንቱ ስልክ ብቻ እየደወለ "እንዴት ናቸው?" ማለቱንም አትወደውም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኗ የቤት ኅብረት ተራው እሷ ጋ ደረሰ። ከሥራ ገብታ በጥድፊያ ሳሎኑን ስታሰናዳ ያ ሽታ መጣባት። አባቷ እንደ ልማዳቸው ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዙሪያ ሊንሸራሸሩ ወጥተዋል። ጠጋ ብላ ስታይ የስኪመሩ ኩባያ እስከ አፉ ሞልቷል።

"አባዬ ደግሞ!" አለች ብቻዋን።

ኩባያውን ነቅላ ሽንት ቤት ደፋችው። ከዚያ ወጥ ቤት ወስዳ፣ ዕቃ የምታጥብበት ስፖንጅ ላይ ሳሙና ጨምቃ ትፈትገው ጀመር። አባቷ ከዚያ ገንዳ ጋር የሚነካካ ነገር ሳሙና ሊነካው እንደማይገባ ደጋግመው ነግረዋታል። ትዝም ብሏታል። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ ትዝ አላትና፣ "በደንብ ካለቀለቅኩት ምን ይሆናል" ብላ ቀጠለች። አለቅልቃ መልሳ ልትገጥመው ስትል እንቢ አላት። በአንድ እጇ ኩባያውን ተጭና በሌላው ስኪመሩን ስትደግፍ ማዞሪያዋ ከጣቷ ሥር ዞረች። ወደነበረችበት የመለሰቻት መሰላት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ እንግዶቹ ገቡ፤ ተዘመረ፤ ተጸለየ። አቶ እምሩም ከመንገድ ገብተው ሰላምታ ሰጥተው ወደ ክፍላቸው አለፉ።

በማግሥቱ ጠዋት "ትርፌ! ፎጣ!" የሚል ድምፅ ቀሰቀሳት።

ነጭ አረፋ ከኩባያው እየገነፈለ በገንዳው ጎን ይወርዳል። ውሃው የእንጨቱን ወለል አልፎ ምንጣፉ ሥር ገብቷል። አቶ እምሩ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ተንበርክከው በለበሱት ሹራብ እጅጌ ይጠርጋሉ። ስኪመሩን አጥፍተው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ መነጽራቸውን አድርገው ማዞሪያዋን አዩ።

"ምልክት አድርጌባት ነበርኮ" አሉ። "እዚህ ጋ ነበረች። አሁን ይኸው ወዲያ ሄዳለች። አንቺ ነክተሻታል እንዴ?"

"እኔ?" አለች ትርፌ። "እኔ ምኑን አውቄው!"

አስባ የመለሰችው አይደለም። አፏ ቀደማት። ወለሉ ረጥቧል፤ ምንጣፉ ተበላሽቷል፤ አባቷ ተንበርክከዋል፤ በዚህ ላይ "ሳሙና አትንኪ አላልኩሽም?" መባልን ፈራች፤ ይኸው ነው። አቶ እምሩም አልተጠራጠሯትም። ራሳቸውን ነቀነቁና፣

"ከኔ በቀር የሚነካት የለም። ታዲያ መቼ ነው ያዞርኳት?" አሉ።

"ረስተው ይሆናል፣ አባዬ።"

ፎጣ የያዘው እጃቸው ቆመ። ትርፌ የተናገረችው ምን እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። የአቶ እምሩ ታላቅ ወንድም አስራት የሞቱት በመርሳት በሽታ ነበር፤ መጨረሻቸው ላይ የወለዷቸውን ልጆች "እናንተ የማን ናችሁ?" እስከማለት ደርሰው ነበር። አቶ እምሩ ከዚያ በኋላ ስለ ሞት ሲያወሩ የማይፈሩ፣ ስለ መርሳት ግን ወሬ የሚያስቀይሩ ሰው ሆነዋል።

"ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው። "ረስቼ ይሆናል።"

ያኔ ብትናገር ነገሩ በሳቅ ባለቀ ነበር። ሥራ ከገባች በኋላ ሰው ራጅ ልታነሳ አቁማ "ትንፋሽዎን ይያዙ" ስትል የራሷም ትንፋሽ አብሮ ይያዝ ነበር። ማታ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ማታ ስትገባ አባቷ ስኪመሩ ፊት ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ሲከፍቱት ይገነፍላል፤ ሲቀንሱት ይገነፍላል። ውሃ ቀየሩ፤ ማጣሪያ ቀየሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ያጣሩ ሰው አንዲት ክንድ የምታህል ዕቃ አቃተቻቸው። ኮራሎቹ ተሸበሸቡ። ከሁለቱ ዓሦች አንዷ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታች አሸዋው ላይ በጎኗ ተኝታ ተገኘች። አቶ እምሩ በእጃቸው አውጥተው በወረቀት ፎጣ ጠቀለሏትና፣

"እኔ ነኝ የገደልኳት" አሉ። "አንድ ነገር ውሃው ውስጥ ጨምሬ ይሆናል። ምን እንደጨመርኩ ግን አላስታውስም።"

ትርፌ "አይ አባዬ፣ ዓሣ መሞቱ አይቀርም" አለች።  ወጥ ቤት ገብታ የታጠበ ዕቃ ደግማ አጠበች።

ሳሙናው ውሎ አድሮ ከውሃው ወጣ። ስኪመሩ ግን አልረጋም። አሁን አላስቀምጥ ያሉት አቶ እምሩ ራሳቸው ነበሩ። ማዞሪያዋን ነክተው ይሄዳሉ፣ ነካኋት ወይስ አልነካኋትም ብለው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይነካሉ። ሌላውም ነገር እንዲሁ ሆነባቸው። በሩን ቆልፈው ተመልሰው ይሞክራሉ። ስም ሲጠሩ ትርፌን ያዩዋታል፣ ልክ መሆናቸውን ፊቷ ላይ ለማንበብ። አንድ ጠዋት ደግሞ የመኪናቸውን ቁልፍ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት።

"ያዥልኝ። ሃሴትን ጭኜ ምን እንደማደርግ አላውቅም።"

ሃሴት የኤርምያስ ልጅ ናት። አቶ እምሩ በየሳምንቱ ሳን ሆዜ ወርደው ከትምህርት ቤት እያወጡ የውሃ ዋና ትምህርት ያደርሷት ነበር። በዚያ ሳምንት ስልክ ደውላ፣ "አባባ፣ ዋይ አር ዩ ናት ካሚንግ?" ስትላቸው ትርፌ ከጎናቸው ተቀምጣ ሰምታለች። "ትንሽ ደክሞኝ ነው፣ የኔ እመቤት" አሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለረጅም ጊዜ እጃቸው ላይ ያዙት።

እሑድ ኤርምያስ መጣ። አባታቸው ክፍላቸው ሲያርፉ ከትርፌ ጋር በረንዳ ላይ ቆሙ።

"ሲሪየስ ነው እንዴ?" አላት።

"ያው... ትንሽ ይረሳሉ" አለች።

"ጋሽ አስራትም እንዲህ ነበር የጀመራቸው። ስሚኝ፣ እዚሁ ቅርብ፣ ዳብሊን፣ አንድ ጥሩ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ነርስ አለው፣ ግቢው ያምራል፣ ሐበሾችም አሉበት። አንቺ ሥራ እየሄድሽ ብቻቸውን እቤት እየዋሉ አንድ ነገር ቢሆኑ ራሳችንን ይቅር አንልም። እኔ ኮል አድርጌ ልጠይቅ?"

 ያን ጊዜ ትርፌ የተሰማትን ኋላ ላይ ለማንም መናገር እጅግ ከብዷት ነበር። ቀለል አላት። ያለ ሽታ ሳሎኗን አየችው። ያለ ሐሳብ ወጥታ የምታመሽበትን ቀን አየች። ኤርምያስም እንደሷ ተራውን ሲሮጥ አየችው። ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው የቆየው፤ ግን መጥቶ ነበር። "ጠይቅ" ያለችውም እሷ ናት።

የቤት ኅብረቱ ተራ ዳግም እሷ ጋ ሲደርስ ነገሩ ባሰ። የኅብረቱ መሪ እህት እጅጋየሁ የአቶ እምሩን መታመም ከኤርምያስ ሚስት ሰምታ ኖሮ፣ "አባታችን ይምጡና እንጸልይላቸው" አለች። አቶ እምሩ እንዲህ ያለውን ጸሎት የሚወዱ ሰው አልነበሩም። የዚያን ቀን ግን እሺ ብለው ወጡ፤ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። እህት እጅጋየሁ እጇን ሸበቶ ራሳቸው ላይ ጭና፣ "ጌታ ሆይ፣ ይህን አእምሮ ጠብቅ! ትዝታውን መልስለት!" እያለች ስትጸልይ፣ በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ "አሜን" አሉ። ትርፌም አሜን አለች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። እንግዶቹ ሳይወጡ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ አለቀሰች። እንደዚያም ሆኖ አልተናገረችም። አሁን የምትናገረው ነገር ሳሙና ብቻ አልነበረም፤ የሳምንታት ዝምታ ነበር፤ ይህ ደግሞ ቀን በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይከብዳል።

ዳብሊን ክፍል ተገኘ። አቶ እምሩ ሳይከራከሩ ተስማሙ። ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነበር፤ አባቷ ያለ ክርክር የሚስማሙ ሰው አይደሉማ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትገባ ከገንዳው ፊት ሁለት ወንበር አስቀምጠው ጠበቋት።

"ነይ ቁጭ በይ፣ ልጄ። እዚያ እንዲህ ያለ ገንዳ አይፈቀድም ብለዋል። አንቺ ጋ ይቀራል። ስኪመሩን ላስተምርሽ።"

"አባዬ፣ አሁን ደክሞኛል፣ ሌላ ቀን..."

"ሌላ ቀን ረስቼው ቢሆንስ?" አሉ፤ ለቀልድ ያሉት ነበር፤ አልሳቁም ግን።

ተቀመጠች። እጇን ይዘው ማዞሪያዋ ላይ አኖሩት። ጣታቸው ከጣቷ በላይ ሞቆ ተሰማት።

"አረፋው አንገቱ ጋ ሲደርስ አየሽው? እርጥብ ሆኖ ፈጥኖ ከወጣ ዝቅ ታደርጊዋለሽ። ደርቆ ከቀረ ከፍ። ግን ጥቂት ብቻ፤ የማይታወቅ ያህል። ከዚያ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ። ነገ እስክታዪው አትነኪውም። የኔ ችግር ይኸው ሆነ፤ እጄን መሰብሰብ አቃተኝ።" ኩባያውን ጠቆሙ። "ኩባያውን በየሁለት ቀኑ ድፊው። በሙቅ ውሃ ብቻ እጠቢው። አደራሽን፣ ሳሙና እንዳታስነኪው። ሳሙና ከነካው ይገነፍላል፤ ልክ እንደዚያን..."

ቃሉን አልጨረሱትም። ትርፌ ቀደመቻቸው።

"እኔ ነኝ" አለች ትርፌ። "በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ማዞሪያዋንም እኔ ነኝ ያዞርኳት። ሰዎቹ ሊመጡ ነበር፣ ሽታው... ከዚያ ሲጠይቁኝ ፈራሁ።"

አቶ እምሩ እጃቸውን አነሱ። ስኪመሩ ብቻ እየተንሾካሾከ አረፋውን ይገፋል።

"የዚያን ቅዳሜ?"

"አዎ።"

"ኤርምያስ ያውቃል?"

"አያውቅም። ማንም አያውቅም።"

"እጅጋየሁ ራሴን ይዛ ስትጸልይ አንቺም እዚያ ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"አሜን ብለሻል።"

"ብያለሁ።"

ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች። ቢጮሁባት ትመርጥ ነበር። አቶ እምሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው ግን አላደረጉትም።

"ሳሙናው ምንም አይደለም" አሉ። "ሰው ይሳሳታል፤ እኔም መሥሪያ ቤት ሳለሁ ከዚህ የባሰ አጥፍቻለሁ። ግን ታውቂያለሽ? ጠዋት ስነቃ ከአልጋዬ ሳልነሳ የእናትሽን ስም እጠራ ነበር። ከዚያ የአባቴን። ከዚያ አብረውኝ የተማሩትን አንድ በአንድ። የቀረ ስም አለ ወይ እያልኩ። አንዱ ሲጠፋኝ ላብ ያጠምቀኛል። ይህን ሁሉ አንቺ ከግድግዳው ወዲያ ሆነሽ..." እጃቸውን ዘረጉ። "ቁልፌን ስጪኝ።"

"አባዬ፣ እባክዎ፣ እንዲህ ሆነው አይንዱ..."

"ቁልፌን።"

ሰጠቻቸው። ጃኬታቸውን ደርበው ወጡ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ በመስኮት አየች፤ መዞሪያው ጋ ፍሬቻ አሳይተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ በሥርዓት ታጠፉ።

ኤርምያስ ጋ ደወለች። አንድም ነገር ሳታስቀር ነገረችው፤ በረንዳው ላይ ቀለል ያላትን ሳይቀር። ወንድሟ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ከዚያ በአማርኛ፣

"ሃሴትን 'አባባ ታሟል፣ ከእንግዲህ አይነዳም' ብዬ አስለቅሻታለሁ! ዶክተር ጋ አፖይንትመንት ይዣለሁ! አንቺ ሰው ነሽ?" አላት።

"ልክ ነህ" አለች።

ልክ ነህ ስትለው ቁጣው በረደ። ቆይቶ፣ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ "እኔም አንድ ቀን መጥቼ አብሬያቸው ውዬ ቢሆን ይገባኝ ነበር" አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አጭር መልእክት ላከላት፤ አባታቸው እሱ ጋ በሰላም ደርሰዋል።

አቶ እምሩ ሳን ሆዜ ሰነበቱ። ትርፌ ስትደውል "ደህና ነኝ" ብለው ስልኩን ለሃሴት ይሰጣሉ። ትርፌ እህት እጅጋየሁንና የኅብረቱን ሰዎችም ሰብስባ እውነቱን ነገረቻቸው። አንዳንዱ አቀፋት፤ አንዳንዱ ዓይኑን ሰበረባት። እህት እጅጋየሁ ግን፣ "እኔ የጸለይኩት ለሳቸው ነበር፤ ለካ መጸለይ የነበረብኝ ላንቺ ነው" ብላ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ያ ቃል ብዙ ቀን አብሯት ዋለ። ገንዳውን ግን እንደተማረችው ያዘችው። ጥቂት ታዞራለች፤ እጇን ትሰበስባለች፤ በማግሥቱ ታያለች። ኮራሎቹ ቀስ በቀስ ፈኩ።

አንድ ቀን አባቷ ሳይናገሩ መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ገንዳው ፊት ቆመው ብዙ ጊዜ አዩ። "ደህና ይዘሽዋል" አሉና ክፍላቸው ገቡ። ዳብሊን ቀረ። ራት አብረው መብላት ጀመሩ። ወሬያቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዕቃ ጠፍቷቸው ሲፈልጉ መጀመሪያ እሷን ያዩዋታል፤ "አንቺ አንስተሽው ነው?" ይላሉ። "አላነሳሁም" ስትል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ማመናቸውን ግን አታውቅም። ቅር አይላትም፤ ቅር የማለት መብት የላትም።

ክረምቱ ወጥቶ ቀኑ ሲረዝም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ የጭስ ደወሉ ሲጮህ ከደረጃው ሰማችው። ሮጣ ገባች። ምድጃው ላይ ብረት ድስት ነድዶ ቀልቷል፤ ውስጡ ሦስት እንቁላል ፈንድቶ ከስሏል። ቤቱ ባዶ ነው። ምድጃውን አጥፍታ መስኮቱን ስትከፍት አቶ እምሩ ከሽርሽራቸው ገቡ።

"ምን ተፈጠረ?"

 ይህን የሚነግራቸው ሌላ ሰው ቢሆን ለትርፌ እንዴት በቀለላት።

"እንቁላል ጥደው ወጥተው ነበር፣ አባዬ።"

"እኔ?"

"እርስዎ። እኔ አሁን መግባቴ ነው።"

አባቷ አዩዋት። ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እውነቱን ፍለጋ ነበር።

"ያኔም እኮ እንዲህ ነበር ያልሽኝ" አሉ።

"አዎ። ያኔ ዋሽቻለሁ። አሁን አልዋሸሁም። ባያምኑኝ አልፈርድብዎትም።"

አቶ እምሩ ወደ ምድጃው ሄዱ። ከከሰሉት እንቁላሎች አንዱን በማንኪያ ገልብጠው አዩት።

"መጣዴን አስታውሳለሁ" አሉ። "ያጠፋሁትም መስሎኝ ነበር።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትርፌ ጎናቸው ቆመች፤ ትከሻቸውን መንካት ፈልጋ አልደፈረችም። ጭሱ ቀስ እያለ በመስኮቱ ይወጣል።

"ኤርምያስ የያዘልኝን የሐኪም ቀጠሮ ሰርዤው ነበር" አሉ በመጨረሻ። "መልሰሽ ያዢልኝ። አንቺም አብረሽኝ ትገቢያለሽ። የረሳሁትን ሁሉ ንገሪው። ያልረሳሁትን ግን አንዲት እንዳትጨምሪብኝ።"

"አልጨምርም" አለች ትርፌ። ስልኳን አወጣችና እዚያው እፊታቸው ደወለች።